እምቢ የማይባል ወንበር

በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ወርቅ አጠለቁ። አንደኛው የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛ የሚወጣው ሯጭ ገና ስታዲየሙ አልደረሰም ነበር። ሌላው ቢል ብራድሊ ይባላል፤ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ በቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ሶቪየት ኅብረትን አሸነፈ።

የሁለቱ መንገድ ከዚያ ወዲያ ተለያየ። ብራድሊ ኦክስፎርድ ተምሮ ተመለሰና ለኒው ዮርክ ኒክስ አሥር የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1973 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ አነሣ። ከሜዳ በወጣ በዓመቱ ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳደረና ኒው ጀርሲን ወክሎ ገባ። ሦስት ጊዜ ተመርጦ 18 ዓመት ተቀመጠ። በ1986 የጸደቀው ታላቁ የግብር ሕግ ማሻሻያ ሲረቀቅ ከዋና ዋናዎቹ ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ለፕሬዚዳንትነት ግን አልሆነለትም፤ በ2000 የፓርቲውን ዕጩነት በአል ጎር ተሸነፈ። ብራድሊን ማንም አስገድዶ ፖለቲካ ውስጥ አላስገባውም። መግቢያውን ራሱ መረጠ፣ መውጫውንም ራሱ መረጠ።

አበበን ፖለቲካው ራሱ መጣበት። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ሦስት ወር አልፎት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የሚያገለግልበት የክብር ዘበኛ አዛዦች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ፣ የዓለም ጀግና የሆነው ወታደር ከመዘዙ የተረፈው ለጥቂት ነው። የጓዱ የማሞ ወልዴ ዕጣ ደግሞ የባሰ ሆነ። ማሞ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸንፎ ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ በቀይ ሽብር ወንጀል ተጠርጥሮ ታሰረ፤ እርሱ ክሱን እንደካደ ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወህኒ ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈርዶበት፣ የታሰረበት ከፍርዱ ስለበለጠ ተለቀቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ አረፈ።

እንግዲህ ስፖርተኛና ሥልጣን የሚገናኙበት መንገድ አንድ አይደለም። የሕሊና ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ሕዝብ ለጀግናው የሚሰጠው ፍቅር እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? አንድ ሰው ሮጦ ወይም ተጫውቶ ያገኘውን ክብር ይዞ በሌላው ሰው ኑሮ ላይ ልወስን ቢል፣ ይህ መብቱ ነው? ግዴታው ነው? ወይስ ከተሰጠው በላይ መውሰድ ነው?

ጥያቄው የትም ሊነሣ ይችላል፤ አቦምሳ ላይ ሲነሣ ግን ክብደቱ ይጨምራል። ከአዳማ በስተ ምሥራቅ ያለችው ይህች የመርቲ ወረዳ ከተማ የአርሲ ዞን ናት። አርሲ ማለት ደግሞ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አሰላ ላይ፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በቆጂ ላይ ያበቀለ ምድር ነው። ሯጮቹን ያፈራው ደጋው ነው፤ ወደ አዋሽ ሸለቆ የምታዘነብለው አቦምሳ በዚያ ዝርዝር ላይ ስሟ አይጠራም። ሆኖም ኩራቱ የሁሉም ነው። ከጀግናው መንደር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ነገር ግን የእኔ ነው እያለ የሚወድደው የአቦምሳ ሰው፣ የፍቅርንና የሥልጣንን ልዩነት ለመመዘን ጥሩ ቦታ ላይ ቆሟል። ጀግናው የአክስት ልጁ አይደለም፤ ባዕድም አይደለም።

ኃይሌ በ2005 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በኋላ በሚደረገው ምርጫ በግል ተወዳድሮ ፓርላማ መግባት እንደሚፈልግ በይፋ ሲናገር፣ ብዙው ሰው አልተገረመም። ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ቀድሞ የገባ፣ 27 ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ሆቴል የሠራ፣ ታላቁ ሩጫን የመሠረተ ሰው ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል? ሰዉ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነበር የተቀበለው። ኃይሌ ግን አልተወዳደረም። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ከዚያ በፊት በነበረው፣ በ2002ቱ ምርጫ፣ ከእነርሱ እጅ ያመለጡት ሁለት ወንበሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱን ከቦንጋ በግል ተወዳድረው ያሸነፉት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ሐኪም ናቸው፤ ቀድሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያ ፓርላማ ብቸኛው የግል ተመራጭ ከስፖርቱ ቤት የመጣ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በሌላ በኩል ኃይሌ ፓርላማ ሳይገባ የሠራው ፖለቲካ አለ፤ ይህ ጽሑፍ ሊቆምበት የሚወድደውም እዚያ ላይ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች በታሰሩ ጊዜ፣ በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመራ የሽማግሌዎች ቡድን በመንግሥትና በእስረኞቹ መካከል ይመላለስ ነበር። ኃይሌ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. መሪዎቹ በይቅርታ ተፈቱ። የይቅርታው ሰነድ አግባብ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ዛሬም ክርክር አለ፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን የሽምግልናው ጠባይ ነው። ሽማግሌ ፖሊስ የለውም፤ በጀት የለውም፤ ማኅተም የለውም። ያለው መከበሩ ብቻ ነው። ከሁለቱ ወገን አንዱ “አይሆንም” ቢለው ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል፤ ነገ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ሥልጣኑ የሚሠራው እምቢ ሊባል በሚችልበት ቦታ ነው።

ጀግና ሯጭ ከሕዝብ የሚያገኘው ፍቅርም እንዲህ ያለ ነው። ማንም አላዘዘውም። ደራርቱ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆና፣ በአፓርታይድ ምክንያት ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ ከተመለሰችው ከደቡብ አፍሪካ የመጣችውን ኤላና ሜየርን እጅ ይዛ ሜዳውን ስትዞር፣ አንዲት ጥቁርና አንዲት ነጭ ሴት ያደረጉትን ለማድረግ ማንም አዋጅ አላወጣም። ያየ ሁሉ በፈቃዱ ተቀበለው። ያልወደደውም መብቱ ነበር። የመንግሥት ወንበር ግን የተለየ ነው። ቀረጥ የሚጥል፣ መሬት የሚወስድ፣ ሰው የሚያስር ሥልጣን እምቢ አይባልም። ስለዚህ በፈቃድ የተሰጠን ፍቅር፣ ፈቃድ ወደማይጠየቅበት ቤት ይዞ መግባት አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል። ያ ተጨማሪ ነገር ምንድን ነው?

የጥንት ግሪኮች በዚህ ተቸግረው ነበር፤ ኦሊምፒክን የፈጠሩት እነርሱ ናቸውና። አርስቶትል ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፉ ጉዳዩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ፈጣን ሯጭ ከዘገምተኛው የሚበልጠውን ክብር የሚያገኘው በሩጫው ውድድር ነው፤ በፍጥነቱ ብቻ በከተማ አስተዳደር የበለጠ ድርሻ ይገባኛል ማለት ግን አይችልም። እያንዳንዱ ብልጫ ዋጋው የሚከፈለው በራሱ ሜዳ ነው ማለቱ ነው። ከእርሱ በፊት አቴናውያን ይህን በመራራ መንገድ አይተውታል። አልሲቢያደስ የሚባለው ባለጸጋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 በኦሊምፒያ ሰባት ሠረገላ አሰልፎ አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ ወጣ። በዓመቱ በሸንጎ ፊት ቆሞ ያንን ድል ከብቃቱ ማስረጃዎች አንዱ አድርጎ በመጥቀስ ወደ ሲሲሊ የሚሄደው ጦር በእርሱ አዛዥነት እንዲዘምት ተከራከረ። ሸንጎው ተቀበለው። አልሲቢያደስ ብዙም ሳይቆይ ለፍርድ ሲጠራ ወደ ጠላት ወደ ስፓርታ ኮበለለ፤ ጦሩም ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሲሊ ላይ አለቀ። ሸንጎው የሠረገላን ፍጥነት የጦር መሪነት ችሎታ አድርጎ ቆጠረው፤ ዋጋውን የከፈሉት ልጆቻቸውን የላኩት እናቶች ናቸው።

የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫን ምሳሌ ያነሣል፤ ሯጩ ለሚጠፋ አክሊል ይህን ያህል ራሱን የሚገዛ ከሆነ፣ ለማይጠፋው ምን ያህል ሊገዛ ይገባዋል ይላል። ሐዋርያው የሚያደንቀው የሯጩን ራስን መግዛት ነው፤ ሽልማቱን አይደለም። በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ዮሐንስ አፈወርቅ ለክህነት ሲፈለግ መሸሹን፣ ለምን እንደሸሸም ራሱ ጽፏል፤ የሌላውን ነፍስ መጠበቅ ከራስ ችሎታ በላይ መሆኑን አስቦ ነው። በእስልምናም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ነቢዩ መሐመድ ሹመትን ለሚለምን ሰው ሹመት እንደማይሰጡ፣ ለምኖ የተሾመ ለብቻው እንደሚተው፣ ሳይለምን የተሾመ ግን እንደሚታገዝ በሐዲስ ተዘግቧል። ሹመት አማና ነው፤ በትንሣኤ ቀን ይጠየቁበታል። አቦምሳ ውስጥ መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው በብዙ ነገር ይለያዩ ይሆናል፤ ለሥልጣን የሚጣደፍን ሰው በጥርጣሬ በማየት ግን አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም ግን ስሕተት ይሆናል። በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም የተናገረው የዛፎች ምሳሌ አለ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄደው ወይራውን፣ በለሱን፣ ወይኑን ይለምናሉ። ሁሉም ዘይቴን፣ ጣፋጭ ፍሬዬን፣ ወይን ጠጄን ትቼ አልመጣም ይላሉ። በመጨረሻ የሚነግሠው እሾኹ ነው፤ እሳትም የሚወጣው ከእርሱ ነው። ፕላቶንም ደግ ሰው መግዛት እምቢ ሲል ቅጣቱ ከእርሱ በሚያንስ ሰው መገዛት ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ጀግናው “እኔ ሩጫዬን፣ ሆቴሌን፣ ሰላሜን” ብሎ ሲቀመጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መሸሽ ትሕትና ሊሆን ይችላል፤ ምቾት መውደድም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ምቾቱም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት ሻሸመኔ ያለው የኃይሌ ሆቴል ተቃጠለ፤ ዝዋይ ያለውም ከጉዳቱ አላመለጠም። ኃይሌ ባለሥልጣን አልነበረም። ክብረ ወሰኑ ግን ለግድግዳው ጥላ አልሆነለትም፤ በእነዚያ ቤቶች ይሠሩ የነበሩ የስምጥ ሸለቆው ወጣቶችም እንጀራቸውን አጡ። ዝና ለባለቤቱም ሆነ ለአገር ሰላም ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም። ሰላምን የሚጠብቀው ሁሉንም እኩል የሚገዛ ሥርዓት ነው፤ ያን ሥርዓት ደግሞ አንድ ሰው፣ ኃይሌም ቢሆን፣ ከእግሩ ጉልበት አውጥቶ ሊያቆመው አይችልም።

ታዲያ ያ ተጨማሪ ነገር ምንድን ነው ላልነው፣ አርሲ ራሱ የቆየ መልስ አለው። በገዳ ሥርዓት መሪነት ለጀግንነት የሚከፈል ሽልማት ሆኖ አይሰጥም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በየእርከኑ እያለፈ ሕጉን ይማራል፤ ተራው ሲደርስ ስምንት ዓመት ያስተዳድራል፤ ስምንቱ ሲሞላ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጎበዝ ነበርና ይቀጥል የሚባል ነገር የለም። ሥርዓቱ በአርሲ በዘመናት ብዛት ብዙ ኃይሉን ቢያጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ ገዳ ነው። ከጎኑ ደግሞ የአርሲ ሴቶች ሲንቄ አለ። እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጠው ያ ቀጭን በትር፣ ሴቶቹ ይዘውት በሁለት ተጣይ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠብን ያስቆማል፤ ሴትን የበደለ ወንድንም፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ለፍርድ ያቀርባል። ገዳ ለመሪው የጊዜ ገደብ ያበጅለታል፤ ሲንቄ ደግሞ ከእርሱ ውጭ የሚጠይቀው ኃይል እንዲኖር ያደርጋል። የጎደለው ነገር ይኸው ነው፦ ዝግጅት፣ የሚያልቅ ዘመን፣ የሚጠይቅ ሌላ እጅ። ፍቅር እነዚህን ሦስቱን አይተካም፤ ጥሩ ሰው መሆንም አይተካቸውም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የስፖርተኞች ፖለቲካ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። ኬንያዊው ዌስሊ ኮሪር እ.ኤ.አ. በ2012 ቦስተን ማራቶንን አሸነፈ፤ በዓመቱ ቼራንጋኒ ከሚባለው የምርጫ ክልል በግል ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ። ከምርጫው ስድስት ሳምንት በኋላ ቦስተን ተመልሶ ሮጠና አምስተኛ ወጣ። መራጮቹ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ሲሠራ አይተዋል፤ የአንዱ ውጤት በሰዓት ይለካል፣ የሌላው በመንገድና በትምህርት ቤት። በዲትሮይት ደግሞ ታላቁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዴቭ ቢንግ ከሜዳ ወጥቶ ለረጅም ዓመታት የብረት ፋብሪካ ከመራ በኋላ በ2009 ከንቲባ ሆነ። በሥራ ዘመኑ ማብቂያ፣ በ2013፣ ከተማዋ ኪሣራ አወጀች። ዕዳው ከእርሱ በፊት ለአሥርት ዓመታት የተከማቸ ነው። ቢንግን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ስም፣ የንግድ ልምድና ቅን ልብ ተደምረው የአንድን ከተማ የጡረታ ዕዳ ሊከፍሉ አለመቻላቸውን መካድም ራስን ማታለል ነው።

ከሁሉም ጥልቅ የሆነው የጆርጅ ዊሃ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ላይቤሪያዊ በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ቀርቦ በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። ያልተማረ ነው እያሉ ሲተቹት ተመልሶ ተማረ፤ በ2014 ሴናተር ሆነ፤ በጥር 2018 ፕሬዚዳንትነቱን ተረከበ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ የሞንሮቪያ ድሀ ሰፈር ልጆች ያፈቀሩት ግን ያን ዝግጅት አይተው ሳይሆን ጎሎቹን አስታውሰው ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ኑሮው ያልተለወጠለት ወጣት በሙስና ክስና በዋጋ ንረት ተማረረ። በኅዳር 2023 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ጆሴፍ ቦአካይ ከአንድ ነጥብ ጥቂት በሚበልጥ መቶኛ ልዩነት አሸነፉት። ዊሃ የመጨረሻው ውጤት እስኪታወጅ እንኳ ሳይጠብቅ ለተቀናቃኙ ደውሎ እንኳን ደስ አለዎት አለ፤ በራዲዮም ሽንፈቱን ለሕዝቡ ተናገረ። የእርስ በርስ ጦርነት ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው በፈጀባት አገር ያ የስልክ ጥሪ ከየትኛውም ጎሉ ይበልጣል ማለት ማጋነን አይደለም። ስፖርተኛ ከሜዳ ወደ ፖለቲካ ይዞት ሊመጣ የሚችል አንድ እውነተኛ ችሎታ ካለ ምናልባት ይህ ነው፦ ዳኛ ፊሽካ ከነፋ በኋላ የተጋጣሚን እጅ መጨበጥ። ብዙ ሙያ ይህን አያስተምርም። ወታደርነት አያስተምርም፤ አብዮተኛነትም አላስተማረም። ሯጭ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሸነፍባቸው ቀኖች ከሚያሸንፍባቸው ይበዛሉ፤ ኃይሌም ቢሆን አቴንስ ላይ አምስተኛ ወጥቷል።

የአቦምሳ መራጭ አንድ ቀን የታወቀ ስም በምርጫ ወረቀት ላይ ቢያገኝ፣ በዚያ ስም መደሰቱ ነውር የለበትም። ጥያቄው ግን ይቀጥላል። ስለ መስኖ ውሃ ክፍፍል ምን ያውቃል? ስለ መሬት ካሣስ? ከእኔ ጋር የማይስማማውን ጎረቤቴን ያዳምጠዋል? ሲሸነፍ ይወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንም ዕጩ የሚቀርቡ ናቸው፤ ለጀግናው አለማቅረብ ክብር መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሥዕል ማየት ነው። ኃይሌ ራሱ ይህን ልዩነት በአነስተኛ ሜዳ ቀምሶታል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከእርሱ የበለጠ ሩጫን የሚያውቅ የለም ቢባል ማን ይከራከራል? ሆኖም የአራት ዓመት ዘመኑን እኩሌታ ሠርቶ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለቀቀ። ሯጮችን መምራት መሮጥን ከማወቅ የተለየ ሥራ ነው፤ አበል፣ ምርጫ፣ ቅሬታና የክለቦች ሽኩቻ አለበት፤ በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ አይፈታም።

የመልቀቁ ነገር እንደ ውድቀት የተነገረበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ እንደዚያ አያየውም። ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚቀር በሞላበት አገር፣ በስሙ ብቻ ሊቆይ ይችል የነበረ ሰው ተነሥቶ መሄዱ ለቀጣዩ ቦታ ለቀቀ። ተከትላው ደራርቱ ፌዴሬሽኑን መራች፤ ዘመኗ ሲያበቃ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤ ምርጫ ስለሺ ስኅን ተተካ። ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያጠለቁ ሯጮች ናቸው። ሦስቱም ጉባኤ ፊት ሪፖርት የማቅረብ፣ ስለ በጀትና ስለ ቡድን ምርጫ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥያቄውን የሚያነሡት ደግሞ ብዙዎቹ እነርሱን እያዩ መሮጥ የጀመሩ ልጆች ናቸው።